የእማማ ሉቺያ የኢዮቤልዩ ደወል

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ምላስ ያላችሁ ከእኔ ጋር ድገሙ።

በጉራጌ አገር፣ በአንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቁምስና፣ እማማ ሉቺያ ከባለቤታቸው ከጋሽ ዘርጋ ጋር ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ፍቅራቸው ግን አልጎደለም፤ ተጋብተው ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷቸዋል። ለቅዳሜው የወርቅ ኢዮቤልዩ ምእመናኑ ሥራውን ተከፋፍለው፣ ገሚሱ ድንኳን ይተክላል፣ ገሚሱ ክትፎ ያሰናዳል።

«ለእርስዎስ ምን እናድርግልዎ?» አሏቸው የቁምስናው ቄስ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ አባ። ስንጋባ የተደወለው ደወል ይደወልልን።»

የደወሉ ገመድ በስብሶ ከተበጠሰ ግን ሁለት ዓመት አልፎታል። ገመድ ከሌለ ደወል የለ!

እማማ ሉቺያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ገመድ ሠሪው ወደ ጋሽ ብርጋ ሄዱ።

«ብርጋ፣ ገመድ ግመድልኝ።»

«በደስታ! ግን ቃጫ የለኝም።»

ቃጫ ከሌለ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ደወል የለ!

ቃጫ ያላት ማግዳሌና ናት። እንሰቷ መሃል ዱላ ይዛ ቆማ አገኟት።

«ማግዳሌና፣ ቃጫ ስጪኝ።»

«እንዴት ብዬ እማማ? ቃጫ ለማበጠር ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አጥሬ ፈርሶ ላም ሁሉ እንሰቴን ሊጨርሰው ነው፤ ይኸው አንድ እጄ ከዱላው አልተላቀቀም!»

አጥር ከሌለ ቃጫ የለ፤ ቃጫ ከሌለ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ደወል የለ!

አናጢው ሳህሌ ዘንድ ሄዱ።

«ሳህሌ፣ የማግዳሌናን አጥር እጠርላት።»

«እንጨቱን በምን ልጥረበው? መጥረቢያዬ ተሰብሮ ቀጥቃጩ ፊሊጶስ ዘንድ ነው።»

መጥረቢያ ከሌለ አጥር የለ፤ አጥር ከሌለ ቃጫ የለ፤ ቃጫ ከሌለ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ደወል የለ!

ፊሊጶስን በቁምስናው ክሊኒክ በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኙት።

«ፊሊጶስ፣ የሳህሌን መጥረቢያ አብጅለት።»

መዳፉን ዘርግቶ አሳያቸው። «የብረት ስንጣሪ ተሰክቶብኛል። ሲስተር በርናዴታ ካላወጡልኝ መዶሻ አልጨብጥም። ከጠዋት ጀምሬ እየጠበቅኳቸው ነው።»

ስንጣሪው ካልወጣ መጥረቢያ የለ፤ መጥረቢያ ከሌለ አጥር የለ፤ አጥር ከሌለ ቃጫ የለ፤ ቃጫ ከሌለ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ደወል የለ!

በሩን ከፈት አደረጉት። ሲስተር በርናዴታ አልጋ አጠገብ ቆመዋል። አልጋው ላይ ረድኤት የምትባል ወጣት ምጥ ይዟት ቀሚሳቸውን ጨምድዳ ይዛለች። ባሏ ለሥራ ሩቅ ከተማ ነው፤ እናቷም በሕይወት የለችም።

«አይተዉኝ፣ ሲስተር! ብቻዬን አይተዉኝ!»

«ይኸው እንደሚያዩኝ ነው» አሉ ሲስተር ለእማማ ሉቺያ። «የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ፈርታለች። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ካላገኘሁ ንቅንቅ አልልም።»

ታዲያ የሚቀመጥ ከሌለ ስንጣሪው አይወጣ፤ ስንጣሪው ካልወጣ መጥረቢያ የለ፤ መጥረቢያ ከሌለ አጥር የለ፤ አጥር ከሌለ ቃጫ የለ፤ ቃጫ ከሌለ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ደወል የለ!

እማማ ሉቺያ በሩን እንደያዙ ቀሩ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከአራስ ጥየቃ ቀርተው አያውቁም፤ ምጥ ያለበት ቤት ግን ገብተው አያውቁም።

«እኔ እኮ ወልጄ አላውቅም፣ ሲስተር። ምን አውቅና?»

«ማወቁን ለእኔ ይተዉት። እርስዎ እጇን ብቻ ያዙ።»

ገቡ። ተቀመጡ። እጇን ያዙ። ረድኤት የሲስተርን ቀሚስ ለቀቀችና የእማማ ሉቺያን ጣቶች እስኪነጡ ጨበጠቻቸው።

«በርቺ ልጄ። የትም አልሄድም።»

አልሄዱምም። ሲስተር ወጥተው ገቡ፤ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ እማማ ሉቺያ ከዚያች ወንበር አልተነሡም። አመሻሹ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። እማማ ሉቺያ ሕፃኗን ታቅፈው አለቀሱ፤ ሳቁ፤ ደግመው አለቀሱ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም አራሷን ሲያጠቡና አጥሚት ሲያጠጡ፣ ደወሉ ከነመኖሩም ተረሳቸው።

ሌላው ግን አልረሳም። የሚቀመጥ ተገኘና ስንጣሪው ወጣ፤ ስንጣሪው ወጣና መጥረቢያው ተበጀ፤ መጥረቢያው ተበጀና አጥሩ ታጠረ፤ ፊሊጶስ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ እንጨት አቀበለ። አጥሩ ታጠረና ቃጫው ተበጠረ፤ ማግዳሌና ዱላዋን ወርውራ በሁለት እጇ አበጠረችው! ቃጫው ተበጠረና ገመዱ ተገመደ፤ ሳህሌ መሰላል ወጥቶ አሰረው።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ሉቺያና ጋሽ ዘርጋ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። ጋሽ ብርጋ የአዲሱን ገመድ ጫፍ ይዘው ለጋሽ ዘርጋ አቀበሏቸው።

«በል ዘርጋ፣ ለሚስትህ ደውልላት!»

ጋሽ ዘርጋ ሳቡት። ደወሉ እስከ ማዶው መንደር ተሰማ።

ያን ጊዜ ረድኤት ሕፃኗን ይዛ በሰዉ መሃል መጣች። ገና አራስ ናት፤ ሲስተር ደግፈዋታል።

«እማማ» አለች። «ለልጄ የክርስትና እናት ይሁኑልኝ።»

እማማ ሉቺያ እጃቸውን ወደ ሕፃኗ ዘረጉ።

ጋሽ ዘርጋ ማንም ሳይነግራቸው ገመዱን እንደገና ሳቡት።