ለየሺመቤት የተሠራው የእሳት መሞቂያ

አንድ ግንበኛ ብርድ በማይጠፋበት ደጋ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አንዳርጌ ይባላል። በሥራው እንከን የማይወድ ሰው ስለነበር አገሩ ሁሉ ያከብረዋል። ከሚስቱ ከየሺመቤት ጋር ልጅ ሳይወልዱ ሃያ ስድስት ዓመት በፍቅር ኖረዋል።

የሺመቤት ታመመችና አልጋ ያዘች። ሰውና ጨዋታ ወዳድ ስለነበረች ከሕመሙ ይልቅ ብቸኝነቱ ጎዳት። አንድ ቀን ባሏን እንዲህ አለችው፦

"ጓሮ ውስጥ እሳት የምንሞቅበት ቦታ ሥራልኝ። ዙሪያውን መቀመጫ አድርግበት። እሳት ካለ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ እኔም ተደግፌ ወጥቼ ጨዋታ እሰማለሁ።"

"በሦስት ቀን አደርስልሻለሁ" አላት።

በማግስቱ ጓሮውን በክብ መቆፈር ጀመረ። ጎረቤቱ ገዛኸኝ ይህን አይቶ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና "ድንጋይ ላቀብልህ፤ ለሁለት ከያዝነው ነገ ያልቃል" አለው።

አንዳርጌ ግን "ለሚስቴ በገዛ እጄ ነው የምሠራላት፤ ሰው አይንካብኝ" ብሎ መለሰው። ገዛኸኝ ቅር ብሎት ሄደ። ሌሎቹ ጎረቤቶችም ነገሩን ሰምተው ከደጁ ራቁ።

የወንዝ ድንጋይ እሳት ሲነካው ይፈነዳል ብሎ ጥቁር ድንጋይ ፍለጋ ተራራ ወጣ። አንዱን በአንዱ ላይ እስኪያስማማ ጠረበ። ሦስት ቀን የተባለው ሳምንት አለፈው። የሺመቤት በመስኮት እያየችው "ና እስቲ፣ ትንሽ አጠገቤ ተቀመጥ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ ቀና ሳይል "ልጨርስና" ይላታል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ግንቡ ቆመ። የሺመቤት ፊቷ በራ። "በል ዛሬውኑ ይለኮስ፤ ሰዎቹን ጥራልኝ" አለችው። አንዳርጌ ግንቡ መስተካከሉን የሚለካበትን ውሃ ልክ አስቀምጦ አየ። በአንድ ወገን የጣት ውፍረት እንኳ በማይሞላ ልክ ዝቅ ብሏል።

"ተዛብቷል። አፍርሼ እንደገና ልሥራው" አላት።

"ለእኔ አልተዛባብኝም፣ አንዳርጌ።"

"ለአንቺማ የተዛባ አልሠራም!"

የሺመቤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ወጥቶ ማፍረስ ጀመረ።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ የመጨረሻውን ድንጋይ ገጠመ። ውሃ ልኩ ቀጥ አለለት። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ቤት ሮጠ። "የሺዬ፣ አለቀ! ነይ ልደግፍሽ" አላት። አልመለሰችለትም። እጇን ቢይዘው ቀዝቅዟል። መዶሻው ሲጮህ ስላረፈደ፣ ጠርታው እንደሆነም አላወቀም።

በቀብሩ ማግስት ጎረቤቶቹ ሁሉ ሊያስተዛዝኑት መጡ። ብርዱ ስለጠና ገዛኸኝ ቂሙን ትቶ እንጨት አመጣና በአዲሱ መሞቂያ እሳት ለኮሰ። ሰው ዙሪያውን ሞላ፤ የሺመቤትንም ጨዋታዋን እያነሱ አለቀሱላት። እሳቱ ጭስ ሳይኖረው ይነድ ነበር። እትዬ ድንቄ የሚባሉ አሮጊት ግንቡን በመዳፋቸው ዳስሰው "እጅህ ይባረክ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም" አሉት።

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ።

"እትዬ፣ ይህን እጅ አይመርቁት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲያቅፍ አንድ ቀን እንኳ እጇን አልያዘላትም።"

ወገኖቼ፣ የሚወዱን ሰዎች የሚጠይቁን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። እኛ ግን በፍቅር የጀመርነውን በኩራት እናስረዝመዋለን፤ ሊረዳን የመጣውንም እንመልሳለን። የሺመቤት የፈለገችው ሰው ነበር፤ ሰውም የመጣው ለለቅሶዋ ሆነ። ጎደሎ ሆኖ በጊዜው የደረሰ ነገር፣ እንከን ሳይኖረው ከዘገየው ይሻላል። እናንተስ፣ ቤታችሁ ውስጥ ዛሬ ድምፃችሁን የሚጠብቅ ማን አለ?