ወንዙ የሚተኛበት ሜዳ

ተረት ተረት።

፦ ወንዝ የሞላበት።

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። እግዜር ይመስገን፣ ዛሬም በሰላም አምሽተናል።

በድሮ ዘመን በአንድ ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ግማሿ ኮረብታ ላይ፣ ግማሿ ሜዳ ላይ ነበረች። ሜዳው ለም ነውና ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ይወጣና ሜዳው ላይ ይተኛል። መስከረም ሲጠባ ተነስቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የሜዳው ሰዎችም ብልሃት ነበራቸው። ሐምሌ ሲገባ የፊቱንም የጓሮውንም በር ከመቃኑ ይነቅሉና ተሸክመው ኮረብታው ላይ ዘመድ ቤት ይወጣሉ። ውሃው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል እንጂ ግድግዳ አይገፋም። በመስከረም ወርደው ጭቃውን ይጠርጋሉ፣ በራቸውን መልሰው ይገጥማሉ። እንዲህ ሲሉ ኖሩ።

ከሜዳው ሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ፣ መሻገሪያው አጠገብ፣ ያለምወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጓንጉል ከነጋዴዎች ጋር ጨው ሊያመጣ ወንዙን ተሻገረ። ሲሄድ፦

፦ በሩን ስትገጥሚ እደርሳለሁ፣ አላት።

መስከረም መጣና በሩን ገጠመች። እሱ አልመጣም። በሚቀጥለውም መስከረም ገጠመች። ጠጉሯ ሸበተ። ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና መሻገሪያውን ታያለች። «ጌታዬ፣ መንገዱን አሳየው» ትላለች። ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

ከዕለታት አንድ ቀን የከተማው ሹም፣ ተገኝ የሚባለው፣ ሰውን ሁሉ ሰበሰበ።

፦ ወንዙ በየዓመቱ ግማሽ ከተማ ይወስድብናል። የሚተኛበትን ሜዳ እንዴት እናሳንስበት? አለ።

፦ ወንዙን እንቆፍረው። ጠልቆ ይሂድ፣ አለ አንዱ።

፦ አንተ? የጓሮህን ጎመን እንኳ ሚስትህ ናት የምትቆፍረው፣ አለው ጎረቤቱ። ሰው ሳቀ።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ፦

፦ ሜዳውን እንተውለትና ሁላችንም ኮረብታው ላይ ቤት እንሥራ፣ አሉ።

፦ የለም አባቴ፣ አለ ሹሙ። ካብ እንካብ። ከካቡ ወዲያ የወንዙ፣ ከካቡ ወዲህ የእኛ ይሁን። ካቡ የሚያልፈው ግን በያለምወርቅ ቤት ላይ ነው። እትዬ፣ ኮረብታው ላይ ቦታ ይሰጥሽ።

፦ ጓንጉል የሚያውቀው ይህን ቤት ነው፣ አለች። እኔ ብነሳ የት ብሎ ይመጣል?

ሹሙ አንጀቱ አልቻለም። ካቡን ትንሽ ወደ ወንዙ ገፋ አደረገውና ቤቷን ተወላት። ያለምወርቅም ማታ ማታ ካቡ ላይ እየወጣች መሻገሪያውን ታይ ጀመር።

ካቡ አለቀ። የሜዳው ሰዎች ደስ አላቸው። ሐምሌ ሲገባ በሩን የነቀለ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲያውም ብርድ እንዳይገባ የበሩን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ መረጉት።

ከዚያም ወንዙ ገና ሳይሞላ ኮረብታው ላይ ብርቱ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ከላይ ወረደና ካቡ አቆመው። መውጫ አጣ። ሜዳው እንደ ገንቦ ሞላ። በሩ ዝግ ነውና ውሃው ግድግዳ ይገፋ ጀመር። ሰው ልጆቹን ይዞ ጣራ ላይ ወጣ።

ሹሙና ጎልማሶቹ ዶማ ይዘው በካቡ ላይ ሮጡ። ዝቅ ያለው ቦታ የያለምወርቅ ደጅ ነው። እዚያ ሲደርሱ እሷ ካቡ ላይ ቆማለች። ዶማቸውን አወረዱ።

፦ ምን ትጠብቃላችሁ? አለች።

፦ እትዬ፣ እዚህ ከከፈትነው ውሃው ቤትሽን ይዞ ነው የሚወጣው።

፦ አውቃለሁ።

፦ ጓንጉል ቢመጣስ?

መሻገሪያውን አየች። ማንም አልነበረም። ጣራ ላይ ያሉትን ልጆች አየች። ከዚያም፦

፦ ቤቱ ቆሞ ሰው ካለቀ፣ ማንን ይጠይቃል? ሰው ከተረፈ ጠይቆ ያገኘኛል። ቆፍሩ፣ አለች።

ቆፈሩ። ውሃው ወጣ። ቤቷም አብሮ ሄደ። ሰው ግን ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ኮረብታው ላይ ቤት ሠራ። ሜዳውን ለወንዙ ተዉለት። ውሃው ሲሸሽ እየወረዱ ሽምብራ ይዘሩበታል።

መሻገሪያው ላይ ደግሞ በየተራ ሰው አቆሙ። ከማዶ አንድ ሽማግሌ ሲመጣ ተረኛው ይቀድምና፦

፦ ጓንጉል እርስዎ ነዎት? ይላል።

አይደለሁም ካለ እግሩን አጥበው ያሳድሩታል። ያለምወርቅም ትመጣና ፊቱን አይታ፣ እራቱን አቅርባለት ትሄዳለች። እሷ ካረፈች በኋላ እንኳ መጠየቁን አልተዉም።

፦ ባሏስ መጣ?

እሱን እግዜር ያውቃል ልጄ። እነሱ ግን ይጠይቃሉ።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ከቂጣው ቁረሱልኝ።