የሚዛን ጠጋኙ ምስክርነት

አንድ ሚዛን ጠጋኝ ነበረ። ስሙ ጌታነህ ይባላል። በእህል ገበያው ጫፍ በቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ተቀምጦ የነጋዴዎችን ሚዛን ያቃናል። ሻጭና ገዢ ሲጣሉ ሁለቱም ወደ እሱ ይመጣሉ። እሱ "ይኸኛው ልክ ነው" ካለ ክርክሩ ያበቃል። የሚሠራበት ደንብ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይነካም። ዘንጉን ካቃና ሳህኑን ይተወዋል፣ ሳህኑን ከለወጠ ዘንጉን ይተወዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የነካካ ጠጋኝ፣ ሚዛኑ ቢስተካከል እንኳ በምን እንደተስተካከለ አያውቅም ይላል።

ጌታነህ ማኅደር የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለችው። ማኅደር መቀመጥ አትችልም። መምህሯ ጥያቄውን ሳትጨርስ እሷ ትመልሳለች፤ የጀመረችውን መስመር ሳትጨርስ መስኮቱ ላይ ትገኛለች። በአንድ ወር ሦስት ደብተር ጠፍቶባታል። ያሰበችው ነገር አፏ ላይ ሳይደርስ አያድርም። ጎረቤቱ "አሳዳጊ የበደላት" አላት፤ አንዳንዱም "ዓይን ነው" አለ። ትምህርት ቤቱ አባቷን ሁለት ጊዜ አስጠራ። በሦስተኛው ጊዜ በዚህ ዓይነት ከቀጠለች ለሚቀጥለው ዓመት እንደማይቀበላት የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጠው።

አባትና እናት ልጅቷን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሁለት ቀን አመላልሳ ልጅቷን አየቻት፤ ከመምህሯም ስለ ጠባይዋ ጽሑፍ አስመጣች። ከዚያ በኋላ እንዲህ አለች።

"ልጅቷ ባለጌ አይደለችም፤ ሰነፍም አይደለችም። ሐሳቧን አንድ ቦታ ማቆየት ነው የሚያቅታት። ይህ የታወቀ የጤና ችግር ነው። በየጠዋቱ የሚወሰድ ክኒን አለ። የምግብ ፍላጎት ሊቀንስባት ይችላል፤ ስለዚህ በየወሩ አምጧትና ክብደቷን እናያለን። በቤትና በትምህርት ቤት የምታግዟትንም አሳያችኋለሁ።"

"ሱስ ቢሆንባትስ?" አለ ጌታነህ።

"በታዘዘው መጠን ከተሰጣትና ክትትል ካልተቋረጠ ስጋቱ ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ማለት የለም ማለት ነው?"

"አይ፣ አባቷ። ትንሽ ማለት ትንሽ ነው።"

ሐኪሟ ያለችው እውነት ነበር። ጌታነህ ግን "የለም" የሚል ቃል ነበር የፈለገው። ቤት ሲደርስ ኮቱን ሳያወልቅ ለሚስቱ ለዘርፌ እንዲህ አላት።

"ልጄን አደንዝዘው እንደ ዕቃ ሊያስቀምጡልኝ ነው። ፋብሪካ የሠራውን ነገር ሕፃን አእምሮ ውስጥ አልጨምርም። ቅጠል የፈጣሪ ነው። ክኒን በዚህ በር ከገባ እኔ በዚሁ በር እወጣለሁ። ጨርሻለሁ!"

"እሺ" አለች ዘርፌ።

በማግስቱ ጌታነህ ቅጠል ወደሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ሄደ። ሽማግሌው ችግሩን ካዳመጡ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ "ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?" የሚል ነበር።

"የለም" አለ ጌታነህ።

"እንግዲያው ስማኝ። እኔ አድናለሁ አልልም። ይኸ ቅጠል ሰውነት ያረጋጋል፣ ደህና እንቅልፍ ያስተኛል። ያንን ነው የማውቀው። ከዚያ በላይ ካየህ ተመልሰህ ንገረኝ፣ እኔም ልማር።"

ጌታነህ ቅጠሉን በእስር በእስር ይዞ ገባ። ራሱ እያፈላ ማታ ማታ ልጁን ያጠጣት ጀመር። እሱ ሽማግሌው ቤት በነበረበት ሰዓት ደግሞ ዘርፌ የሐኪሟን ማዘዣ ይዛ መድኃኒት ቤት ነበረች። ባሏ በጠዋት ወደ ገበያ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ክኒኑን ከቁርስ ጋር ለልጅቷ ትሰጣለች።

"ለአባዬ እንዳትነግሪ" ትላታለች።

"ለምን?"

"ይቆጣል።"

"አንቺን ነው እኔን?"

"ሁለታችንንም። በይ ዋጪ።"

ማኅደርም የአባቷን ቁጣ ስለምትፈራ ይህን አንድ ነገር አልነገረችውም። ዘርፌ በየወሩ ሳይታወቅባት ልጅቷን ወደ ሐኪሟ እየወሰደች ታስመዝናት ነበር።

በሦስተኛው ወር ማኅደር የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ተቀምጣ ጨረሰች። በአምስተኛው ወር መምህሯ "ልጃችሁ ተለውጣለች፤ እናመሰግናለን" ብላ ጻፈች። ትምህርት ቤቱም ለሚቀጥለው ዓመት መዘገባት። ጌታነህ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ሰነበተ። ወደ ሽማግሌውም ተመልሶ ያየውን ነገራቸው። "ይገርማል" አሉ ሽማግሌው። "እርግጠኛ ነህ ሌላ ነገር አልወሰደችም?" ጌታነህ እርግጠኛ ነበር።

በወሩ መጨረሻ የሰፈሩ እድር ተሰበሰበ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ጌታነህ የእድሩን ዳኛ አስፈቅዶ ቆመ።

"ወገኖቼ፣ እኔ ያላየሁትን አልናገርም። ታውቁኛላችሁ። ልጄን አንድ ነገር ብቻ ነው የሰጠኋት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ስለዚህ ያዳናት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁ የምትቸግረው ካለ ገንዘቡንም ልጁንም ክኒን ላይ አይጨርስ።"

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው "ለእኔም ሚስት አንድ እስር ስጠኝ፣ መቀመጥ አትችልም" አለ። ሰው ሳቀ። ዘርፌ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። አልሳቀችም፤ አልተናገረችምም።

ያን ዕለት ያልሳቀች ሌላ ሴት ነበረች። አስካለ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት በርበሬ ነጋዴ ናት። ብሩክ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ሕመሙ ከማኅደር ጋር አንድ ነው፤ ሐኪሟም አንድ ናት። ብሩክ ክኒኑን ከጀመረ አሥር ወር ሆኖታል። ትምህርቱ ተስተካክሏል፤ ግን ምሳውን ስለማይበላ ከስቷል። መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ከገበያ ይጠፋል። አስካለ እሱን ፍለጋ ሥራ ፈትታ ስትዞር የምትውልበት ቀን አለ።

በማግስቱ ወደ ጌታነህ ቤት መጣች። ጌታነህ ቤቱን ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ፣ ከሱቅ ያመጣውን የአንድ ነጋዴ ሚዛን ይሠራል። አስካለ ወንበሯን ወደ ዘርፌ አስጠጋች።

"ዘርፍዬ፣ የጋሽ ጌታነህን ቃል አምኜ ስገበያይ ነው የኖርኩት። ግን ይኸ በርበሬ አይደለም፣ ልጅ ነው። እናት ለእናት ልጠይቅሽ። እውነት ቅጠሉ ብቻ ነው?"

ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማው የሞረድ ድምፅ ቆመ።

"ሌላ የጨመርሽበት ነገር የለም?" አለች አስካለ።

ዘርፌ ባሏን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ አልቻለችም። የቤት ገመና በጎረቤት ፊት አይገለጥም፤ ያደገችው እንዲህ ተብላ ነው። በኋላ ለብቻዋ ጠርቼ እነግራታለሁ ብላ አሰበች።

"ቅጠሉ ብቻ ነው" አለች።

የሞረዱ ድምፅ ቀጠለ። ጌታነህ ትንሽ ቆይቶ ብቅ አለና ከራሱ ቤት አንድ እስር ቅጠል አንሥቶ ሰጣት። "ሲያልቅ ነይ፤ ገንዘብ አልፈልግም" አላት። በዚህ ምክንያት አስካለ ወደ ሽማግሌው አልሄደችም። ወደ ሐኪሟም አልሄደችም፤ ትቆጣኛለች ብላ ፈራች። የብሩክን ክኒን በዚያው ሳምንት አቁማ ቅጠሉን ታጠጣው ጀመር። ዘርፌ ለብቻዋ ልትነግራት ሁለት ጊዜ ወደ በርበሬ ተራ ሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን አስካለ በደንበኞች ተከባ ነበር። በሁለተኛው ቀን ብቻዋን ነበረች፤ ዘርፌ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ገዝታ ተመለሰች።

ብሩክ ክኒኑን ካቆመ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ በር ኳስ ተከትሎ ወጣ። ግራ ቀኝ አላየም። አሸዋ የጫነ መኪና ገጨው። ሾፌሩ ፍሬን ይዟል፤ አልሸሸም፤ ልጁን አቅፎ ሆስፒታል ያደረሰውም እሱ ነው። የልጁ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ክኒኑን ባያቋርጥ ኖሮ ይህ አደጋ አይደርስም ነበር ማለት አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሚለው ግን ይህን ነው፦ ልጁ ድሮ በየቀኑ ያመልጠው ነበር፤ ክኒኑን በወሰደባቸው አሥር ወራት አንድም ቀን አላመለጠውም፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አራት ጊዜ ከአስፋልቱ ላይ መልሶታል።

ብሩክ ከሆስፒታል ሲወጣ ሰፈሩ ሊጠይቀው መጣ። ጌታነህም ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጣ። "እንኳን ነፍሱን አተረፈልሽ" ተባለ። አስካለ ጎንበስ እያለች "አሜን" ትላለች። ቤቱ ጸጥ ሲል ማኅደር ወደ አልጋው ተጠጋች። ብሩክን ካየች በኋላ ወደ አስካለ ዞረች።

"እትዬ አስካለ፣ ክኒኑን ለምን አልሰጡትም? እኔ እኮ ስውጠው አልሮጥም።"

"የቱን ክኒን?" አለች አስካለ።

"እማዬ ጠዋት ጠዋት የምትሰጠኝን። አባዬ ሲወጣ።"

አስካለ ዘርፌን አየቻት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀን" አለች ዘርፌ።

ጌታነህ ፊቱ ተለዋወጠ። የመጀመሪያ ቃሉ ለልጁ አልነበረም፤ ለአስካለም አልነበረም።

"በእድር ፊት አቁመሽ አስዋሸሽኝ! እኔን!"

"ትወጣለህ ብዬ ነው" አለች ዘርፌ። "ክኒን ከገባ እወጣለሁ አላልክም?"

አስካለ አልጮኸችም። የልጇን ብርድ ልብስ አስተካክላ ወደ ዘርፌ ዞረች።

"ባልሽን አላሳፈርሽም። ደህና ሚስት ነሽ። አሁን ውጡልኝ።"

ቅጠሉ ማኅደር ላይ ምን እንደሠራ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ለብቻው አልተሰጣትምና ሽማግሌውም አያውቁም። ጌታነህ እንደዛተው ከቤቱ አልወጣም። እድሩ ፊት ተመልሶም አልቆመም፤ የሰማው ሁሉ ጉዳዩን ያውቀዋል ብሎ ራሱን አሳምኗል። ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ከሌላ ሰፈር የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ለማን እንዳወሩትና ማን እንደተጠቀመበት የጠየቀ የለም። ብሩክ በጠዋት ፀሐይ ደጃፉ ላይ ወንበር ይወጣለታል፤ እናቱ ጭኑ ላይ ነጠላ ትጥልለታለች። የማያውቁት መንገደኞች ያዩትና "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ንቅንቅ አይልም" ብለው ያልፋሉ።

ወላጅ ክኒን መፍራቱ ነውር አይደለም፤ ቅጠል ማመኑም ነውር አይደለም። ሁለቱንም መጠየቅ፣ መመርመርና መከታተል ይቻላል። ጥፋቱ የመጣው ሌላ ቦታ ነው። ባል በቤቱ እውነት እንዳይነገር በሩን በቁጣ ዘጋ። ሚስት ሰላም ለማቆየት ዋሸች። ባል ያንን ውሸት ሳያውቅ ተሸክሞ አደባባይ ወጣ፤ ሰውም ልማዱን ተከትሎ አመነው። ሰው ስለ ልጁ ጤና ሊወስን ሲጠይቀን የምንሰጠው መልስ ከቤታችን ገመና ጋር አብሮ የሚሸፈን አይደለም፤ እዚያ ላይ ዝም ማለት ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ጉዳት ያደርሳል። ሐኪሙም ሆነ ቅጠል አዋቂው ሊረዱን የሚችሉት ሙሉውን ስንነግራቸው ነው።

እስቲ እርስዎም ያስቡበት። በቤትዎ ውስጥ ቁጣዎን ፈርቶ እውነቱን የሚደብቅዎት ማን ነው? የእርስዎን ቃል ይዞ ዛሬ ልጁን የሚያክመውስ?