ሳይደወልላቸው የሄዱት

አባ፣ «ምእመኑ ከወረርሽኙ ወዲህ ራቀን፤ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ብንገዛ ይመለስ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬን እዚሁ ይቁረጠው፤ የምነግርዎ ሁሉ እውነት ነው።

አንድ ሰው ነበረ። የአንድ ደብር ደዋይ ነበረ። ክንዱ የዋርካ ግንድ ያህላል። እሱ ሲደውል ከሰባት ተራራ ማዶ የሚጣሉ ባልና ሚስት ዝም ይሉ ነበር።

ክፉ በሽታ ገባ። ደወል ሰው ይሰበስባል ተብሎ ደወሉም ተከለከለ። አርባ ሰው ሞቶ፣ ሳይደወልለት፣ ወጉ ሳይደርሰው፣ በአራት ሰው ትከሻ ብቻ ሄዶ ተቀበረ። በሽታው አለፈ፤ ቅዳሴው ተመለሰ፤ ሰው ግን አልተመለሰም። ካህናቱ «እንዲህ ከቀጠለ ደብሩ መዘጋቱ ነው፤ አጥብቀህ ደውል እንጂ!» አሉት። አጥብቆ ደወለ። የአገሩ ዶሮ ሁሉ ደንግጦ እንቁላል መጣል ተወ። የመጣ ሰው ግን የለም።

ደዋዩ ተናደደ። ዱሮ ከደጀ ሰላም የማትጠፋ አንዲት ባልቴት ቤት ወረደ።

«እማማ፣ ደወሉ አይሰማዎትም እንዴ?»

«አንተ ስትደውል የማይሰማ ማን አለ? የሞተ እንኳ ይሰማሃል» አለችው። «ባሌ የሞተ ቀን ግን ጆሮዬን አቅንቼ ዋልኩ። ያን ቀን እጅህን ምን ያዘው?»

«ተከልክዬ ነዋ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። አሁንስ ማን ከለከለህ?»

ደዋዩ ሟቾቹን አንድ በአንድ አስቆጠራት። የአርባውን ስም ከአፏ ተቀብሎ ወደ ደብሩ ወጣ። ያን ቀን ለቅዳሴ አልደወለም። የባሏን ስም ጮክ ብሎ ጠራና የሐዘን ደወል ደወለለት። ቀጥሎ የጎረቤቷን ልጅ ጠራ። ቀጥሎ ሌላውን። የሟቹን ስም የሰማ ቤተሰብ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። አርባኛው ሲደወል ቅጥሩ ሞልቷል። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፤ ሰዉም ቆይቶበት የነበረውን ልቅሶ አለቀሰ። የሚቀጥለው እሑድ መቆሚያ ጠፋ።

እንግዲህ አባ፣ ደዋዩ የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ናት። ምእመኑ የራቀው ድምፅዎ ስላልደረሰው አይደለም፤ ዝም ያሉበት ቀን ከልቡ አልወጣለት ብሎ ነው። ድምፅ ማጉያውን ይተዉትና መጀመሪያ በየቤቱ ይውረዱ፤ ማን እንደሞተበት ይጠይቁ። የቆየውን ሐዘን ሳይደርሱለት ወደ ደስታው ቢጠሩት አይመጣም።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። አርባውንም የደወለው እሱ ብቻ አይደለም። ሰባተኛው ላይ ያ የዋርካ ክንድ ዛለ። የቀሩትን ገመዱን እየተቀባበሉ የደወሉት ባለሐዘኖቹ ራሳቸው ናቸው።

ዶሮዎቹ ግን እውነት ናቸው።