ፎቶ ያልገባበት አልበም

አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ በደሴ ከተማ ይኖሩ ነበር። ስማቸው ሲስተር ማንያህልሻል ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በደሴ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ሲያዋልዱ ኖረዋል። የአካባቢው እናቶች አንድ ደግ ልማድ ነበራቸው። ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሲመረቅ ወይም ሲዳር ፎቶ ያነሱትና "ይኸው፣ በእጅዎ የተቀበሉት ልጅ እዚህ ደረሰልዎ" ብለው ለሲስተር ይሰጧቸዋል። ፎቶው ከሦስት መቶ በልጦ አንድ ሻንጣ ሞላ።

ችግሩ ከአብዛኞቹ ፎቶዎች ጀርባ ምንም አለመጻፉ ነበር። ማን ማን እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አብረዋቸው ሲሠሩ የኖሩት የአምቡላንስ ሾፌር አቶ ይመር። እሳቸው የእያንዳንዷን እናት ቤት፣ የሄዱበትን መንገድ፣ የልጁን ስም ከነአባቱ ያስታውሳሉ። ነገር ግን ዓይናቸው በግላኮማ እየደከመ ነበር። ሐኪሙም "የጠፋውን መመለስ አይቻልም፤ የቀረው እንዲቆይ እንሞክራለን" ብሏቸዋል።

ሰኔ ላይ ሐዋሳ የምትሠራው የሲስተር ልጅ ላፕቶፕ ላከችላቸው። ሲስተርም አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ፎቶዎቹን ሁሉ በኮምፒውተር አልበም አድርገው፣ ከሥራቸው ስማቸውንና የተወለዱበትን ታሪክ ጽፈው፣ ለልጆቹ ሊልኩላቸው አሰቡ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በስልካቸው አነሱና ላፕቶፑ ላይ ጫኑ። ለዚህ ሁለት ሳምንት በቃቸው። የቀረው አልበሙን የሚሠሩበትን ፕሮግራም መምረጥ ብቻ ነበር።

ይህ "ብቻ" ግን ክረምቱን ሙሉ በላው።

ሥነ ሕንፃ የምታጠናው የእህታቸው ልጅ "እትዬ፣ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበትን ነው መያዝ። አንዴ ከለመዱት የማይሠራው ነገር የለም" ብላ ትልቁን ፕሮግራም ጫነችላቸው። ሲስተር ሲከፍቱት የማያውቁት ምልክት ግራ ቀኙን ሞልቶታል። ሦስት ሳምንት ማስተማሪያ ቪዲዮ ሲያዩ ሰንብተው አንድ ክብ መቁረጥ ቻሉ። ጎረቤታቸው የፎቶ ቤት ባለቤት ደግሞ "ያ ለእርስዎ ይከብዳል" ብሎ ሌላ አመጣላቸው። ሺህ ዓይነት ፍሬም፣ አበባ፣ ቢራቢሮና ሪባን ነበረው። ሲስተር ከወርቃማውና ከብርማው ፍሬም የቱ እንደሚሻል ሲያማርጡ ሐምሌ አለቀ። ሌላው ደግሞ "ምን ኮምፒውተር አስፈለገ! በኢንተርኔት ይሠራል" አላቸው። እሱም ዝናብ በመጣ ቁጥር ኔትወርኩ እየጠፋ መሀል መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል።

ሲስተር ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ደብተር ገዝተው የየፕሮግራሙን ብርታትና ድክመት መዘገቡ። ዘጠኝ ፕሮግራም ጽፈው ሲጨርሱ "ከነዚህ የሚሻል ሌላ ይኖር ይሆናል" ብለው አሥረኛውን ፍለጋ ጀመሩ።

መስከረም ሲጠባ አቶ ይመር እንኳን አደረሰዎ ሊሉ መጡ። ቁጭ እንዳሉ "እስቲ ያን የነገሩኝን አልበም ያሳዩኝ" አሉ።

ሲስተር ላፕቶፑን ከፈቱ። ገጹ በወርቃማ ፍሬም ተከቧል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ሪባን አለው። አቶ ይመር ወንበራቸውን ሳቡ፤ ጎንበስ አሉ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ተጠጉ። ከዚያ ቀና ብለው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና እንደገና አዩ።

"ፎቶው አልታየኝም" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ይህን ያህል ደርሻለሁ ማለት ነው?"

"ዓይንዎ አይደለም፣ አቶ ይመር" አሉ ሲስተር። "ገና ፎቶ አላስገባሁበትም።"

"ሰኔ ላይ ጋዜጣ አነብ ነበር" አሉ አቶ ይመር። "አሁን ርዕሱን ብቻ ነው የማየው። እኔ እጠብቅዎታለሁ ሲስተር። ዓይኔ ግን አይጠብቅዎትም።"

ሲስተር እንግዳቸውን ሸኝተው ሲመለሱ ደብተሩን አዩትና አፈሩ። በማግስቱ ጠዋት ለጀማሪዎች ኮምፒውተር ወደምታስተምር ሐያት ወደምትባል ሴት ሄዱ። ደብተሩንም ፊቷ ዘረጉት።

"ከነዚህ የቱ ይበልጣል ልጄ?"

ሐያት ደብተሩን አላየችውም። "ሲስተር፣ አዲስ አዋላጅ ስትመጣልዎ መጀመሪያ ምን ያስይዟት ነበር?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ምንም! መጀመሪያ እጇን ነው የምትታጠበው።"

ሐያት ሳቀች። "እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወላድ አጠገብ አቆማታለሁ። አንዷን ታያለች፤ አንዷ ላይ ታግዛለች፤ ሦስተኛዋን ራሷ ትቀበላለች።"

"መጽሐፉን ሁሉ አንብባ እስክትጨርስ አያቆዩዋትም?"

"ምጥ ይጠብቃል እንዴ!" አሉ ሲስተር። ወዲያውም የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙትና ደብተሩን ዘጉት።

"እንግዲያው እንዲህ ያድርጉ" አለች ሐያት። "አንድ ፎቶ ይምረጡ። ከዘጠኙ ሦስቱን ብቻ ይውሰዱና በእያንዳንዱ አንድ ገጽ ይሥሩ። ለአንዱ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ፎቶውን ያስገቡ፤ ስሙን በአማርኛ ይጻፉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ስልክ ይላኩት። ያስጨረሰዎትን ይያዙ።"

ሲስተር እዚያው ተቀምጠው ጀመሩ። በትልቁ ፕሮግራም ፎቶው ቦታውን ሳይዝ ሰዓቱ አለቀ። በባለ ፍሬሙ ፎቶው አማረ፤ ስሙን በአማርኛ ሲጽፉ ግን ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ተደረደሩ። ልጁ ወርቅ ለብሶ ስም አልባ ሆነ። ሦስተኛው "ማስጌጫው ጥቂት ነው" ብለው ደብተራቸው ላይ የሰረዙት ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ነበር። ያለው ስድስት ፍሬም ብቻ ነው። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አማርኛ ይጽፋል፤ የተሠራውንም ገጽ ማንኛውም ስልክ ይከፍተዋል። በአርባ ደቂቃ የሐያት ስልክ ጮኸ።

"እንዴት ነው?" አሉ ሲስተር።

"እንደ ወርቃማው አያምርም" አለች ሐያት እያየችው። "ግን አልቋል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲስተርና አቶ ይመር ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ይቀመጡ ጀመር። ሲስተር እያንዳንዱን ፊት መስታወቱን እስኪሞላ ድረስ ያጎሉታል፤ አቶ ይመር ይናገራሉ፤ ሲስተር ይጽፋሉ። "ይቺ ኩታበር ዳገት ላይ መኪናዬ ውስጥ የተወለደችው ናት። አባቷ 'ዳገቴ' ሊላት ነበር፤ እናቷ አልቅሳ ነው ሰላማዊት የተባለችው" ይላሉ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

ኅዳር ላይ አልበሙ አለቀ። ዐሥራ አንድ ፎቶዎች ግን ሳይታወቁ ቀሩ። አቶ ይመር እነሱን አጠገባቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ ዞር አድርገው ሞክረው ነበር። "ሰኔ ላይ ቢሆን..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ሲስተር የቀረውን ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው ጨረሱት።

ዐሥራ አንዱን በአንድ ገጽ ላይ አሰባሰቡና ከሥራቸው "ስማችሁን ንገሩን" ብለው ጻፉ። አልበሙን ስልካቸው ለተገኘው ልጆች በቴሌግራም ላኩት። እነዚያ ልጆች ለሌሎች ላኩት፤ ሌሎቹም ለሌሎች። በሳምንቱ የሲስተር ስልክ ዕረፍት አጣ። ከዐሥራ አንዱ ሰባቱ ተገኙ። አንዱ ኮምቦልቻ የሚኖር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሲስተር ስልኩን ለአቶ ይመር ሲያቀብሏቸው ሽማግሌው ጥቂት አዳመጡና "ቆይ፣ ይሄ የዘይነባ ድምፅ ነው፤ የእናትህ" አሉት። የአቶ ይመር ፊት እንደ አጥቢያ ኮከብ በርቶ ነበር። አራቱ እስከ ዛሬ አልታወቁም።

ወዳጆቼ፣ ጀማሪ የሚያስፈልገው ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አይደለም፤ ዛሬ አስጀምሮ የሚያስጨርሰው ነው። ማማረጥ ሥራ ይመስላል፤ ያደክማልና እንደሠራን እናስባለን። የተሻለው ፕሮግራም ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል፤ ስሙን የሚነግረን ሰው ግን ሁልጊዜ አጠገባችን አይቀመጥም። መጀመሪያ አንድ ገጽ ሥሩ፤ የሚጎድላችሁን ገጹ ራሱ ይነግራችኋል።

እናንተስ፣ "የሚሻለውን እስካገኝ" ብላችሁ ያቆያችሁት ምንድን ነው? እስከዚያ የሚጠብቃችሁስ ማን ነው?