አያ ጌሞ የሸሸገው ስንጥቅ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ በሉ። ቃሉ ከእኔ፣ ጆሮው ከእናንተ።

ድሮ ነው። ዕቃ እንደ ሰው አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ሰውም ዕቃውን «ምን ነካህ?» ብሎ በሚጠይቅበት ዘመን ነው። በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ አንድ ወንድምና አንዲት እህት ነበሩ። እህቲቱ አትጠገብ ትባላለች፤ የዓሣ አጥማጆችን መረብ እየጠገነች ትኖራለች። ወንድሟ ሙላለም ይባላል። ገና ጎረምሳ ሳለ ከቤት ወጥቶ፣ በየከተማው የመኪና ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ፣ ደረቱን ታሞ ወደ እህቱ ቤት ተመለሰ።

አትጠገብ አልጋውን ከጓዳ አውጥታ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ዘረጋችለት። አጥሚት ስታመጣለት ቀመስ ያደርግና «በቃኝ» ይላል። የዓሣ ሾርባ ስታመጣለት ሽታውን ብቻ ይስብና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «ወንድምዓለም፣ ምን ላምጣልህ? ምን አማረህ?» አለችው።

ሙላለም ፈገግ አለ። «የሚበላ እንኳ አላማረኝም፣ እታለም። ያ ጌማችን አለ?»

«የቱ ጌም?»

«ጀልባዋ ያለችበት።»

ልጆች ሳሉ አባታቸው ያመጣላቸው የድሮ ጌም ነበር። ካሴት ይጎርሳል፣ ከቴሌቪዥን ጋር በገመድ ይያያዛል። ጨዋታው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ በቀኝ ይቀዝፋል፣ አንዱ በግራ ይቀዝፋል፤ ጀልባዋ ከአለት ከአለት እየሸሸች ወንዙን ትወርዳለች። መጨረሻው ላይ ፏፏቴ አለ። ወንድምና እህት ፏፏቴውን አልፈው አያውቁም። ሁልጊዜ ጀልባዋ ትገለበጣለች፤ ሁልጊዜ «ያንተ ጥፋት ነው!» «የለም፣ ያንቺ ነው!» ይባባላሉ፤ ሁልጊዜ ተሳስቀው እንደገና ይጀምራሉ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ፏፏቴውን ብናልፈው ደስ ይለኛል» አለ ሙላለም።

አትጠገብ ልቧ ዘለለ። ከመጣ ጀምሮ ደስ ይለኛል ሲል ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። ወንበር ላይ ወጣች፤ ከቁም ሣጥኑ አናት በከረጢት የተጠቀለለውን ጌም አወረደች፤ አቧራውን ጠረገችለት።

እንግዲህ የቤቱን ዕቃ ላስተዋውቃችሁ። ጌሙን አያ ጌሞ ይሉታል። ቴሌቪዥኗን እሜቴ ቴሌቪዥን ይሏታል። በሁለቱ መካከል ምስልና ድምፅ ተሸክማ የምታደርሰው ገመድ ደግሞ ስሟ ገመዲት ነው። ሦስት ራስ አላት፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ።

አትጠገብ ገመዲትን ከአያ ጌሞ ወደ እሜቴ ቴሌቪዥን ሰካች። ካሴቱን አጎረሰች። መብራቱን አበራች። ሙላለም በትራስ ተደግፎ ተቀመጠ።

ምን ታየ? ጀልባ የለም። ወንዝ የለም። እንደ ጉንዳን መንጋ የሚርመሰመስ ነጭና ጥቁር ብቻ። ጉንዳን ብቻ፣ ሽሽሽ ብቻ።

«አያ ጌሞ፣ ምን ነካህ?» አለች አትጠገብ።

አያ ጌሞ የነካውን ያውቅ ነበር። ቤት ሲቀይሩ ከጋሪ ላይ ወድቆ፣ ገመዲት የምትሰካበት ጉሮሮው ከውስጥ ተሰንጥቋል። ምስሉ ከሆዱ በደህና ይነሣል፤ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ይበተናል። ያማል። ነገር ግን ፈራ። በዚያው ሰፈር አንድ እኩያው ጌም ነበር፤ «አሞኛል» ብሎ ተናገረ፤ ሆዱን ከፈቱት፤ መልሶ የዘጋው ግን አልነበረም። አንጀቱን እየመዘዙ ለሌላ ዕቃ መጠገኛ አደረጉት። አያ ጌሞ ይህን ያውቃል።

ስለዚህ «እኔ ደህና ነኝ» አለ። «እሜቴን ጠይቂያት። ዓይኗ ፈዟል።»

እሜቴ ቴሌቪዥን ተቆጣች። «የማን ዓይን ነው የፈዘዘው? ዜናውን ክፈቺና እይኝ!»

አትጠገብ ዜናውን ከፈተች። የአንባቢው የከረባቱ መስመር ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየ።

«አየሽ?» አለች እሜቴ። «የሰጠኝን አሳያለሁ። ያልሰጠኝን ከየት አመጣለሁ?»

«ለዜና ታበራለች፣ ለእኔ ታኮርፋለች» አለ አያ ጌሞ፤ ድርቅ አለ።

አትጠገብ ምን ታድርግ? አያ ጌሞንና ገመዲትን በነጠላዋ ጠቅልላ ጎረቤቷ ወይዘሮ ጥሩሰው ቤት ሄደች። በእርሳቸው ቴሌቪዥን ሞከረች። እዚያም ጉንዳን ብቻ፣ ሽሽሽ ብቻ። ስትመለስ ሙላለም እንደተቀመጠ ሲጠብቃት ውሎ ደክሞታል።

«ነገ ይሁን፣ እታለም» ብሎ ጋደም አለ።

ከአያ ጌሞ ጀርባ፣ ሙቀት ፍለጋ ግድግዳው ላይ የምትለጠፍ አንዲት እንሽላሊት ነበረች። ዘወትር በቀዳዳው ትገባና ሆዱን ታየዋለች። «አያ ጌሞ» አለችው ቀስ ብላ፤ «ስንጥቅህን አይቻለሁ። ሰውየው አቅሙ እያለቀ ነው። ንገራቸው።»

«ዝም በይ!» አላት። «ሆዴን ከፍተው ይበትኑኛል። ያየሽውን ዋጪው።»

እንሽላሊትም ዋጠችው።

በማግስቱ አትጠገብ፣ «እሺ፣ እሜቴ ካልሆነች ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ገመዲት ናት» አለ አያ ጌሞ። «አርጅታለች። ውስጧ ተበጣጥሷል።»

ገመዲት አለቀሰች። «እኔ መልእክተኛ ነኝ! የሰጡኝን አደርሳለሁ፤ አልቀንስም፣ አልጨምርም። አንድም ክር አልተበጠሰብኝም። ስንት ዘመን ጀልባችሁን ተሸክሜ አላደረስኩም? በሌላ ዕቃ ሞክሩኝ!»

አትጠገብ ልትሞክራት ነበር። ነገር ግን ከአልጋው ላይ ሳል ተሰማ፤ ረጅም፣ አልበርድ ያለ ሳል። ቸኮለች። የቸኮለ ሰው ደግሞ የቀረበውን ይቀጣል። ገመዲትን ከሁለቱም ወገን ነቀለቻት። የአጥሩ በር ማሰሪያው ላልቶ ይወዛወዝ ነበርና በገመዲት ጠፍራ፣ ቋጥራ አሰረችው። ገመዲት ሦስት ራሷን አንጠልጥላ ፀሐይ ላይ ቀረች። በሩ ሲከፈት ትወጠራለች፤ በሩ ሲዘጋ ትቀጠቀጣለች።

አዲስ ገመድ በዚያች ከተማ አልተገኘም። አትጠገብ ወደ ትልቁ ከተማ ለሚመላለስ ሾፌር ገመድ እንዲገዛላት ላከች። ሾፌሩ ዛሬ ረሳሁ አለ፤ ሌላ ቀን ሱቁ ዝግ ነበር አለ። እርሷ ስትጠብቅ ሙላለም ይከሳል። በመጨረሻ ገመዱ መጣ። ሰካችው።

ጉንዳን ብቻ፣ ሽሽሽ ብቻ።

ያን ቀን ሙላለም መቀመጥ አቅቶት ነበር። የጌሙን የእጅ መጫወቻ መዳፉ ውስጥ አድርጋ ጣቶቹን በጣቶቿ ይዛለት ነበር። ቀስ ብላ መልሳ ወሰደችው።

«ንገራቸው» አለች እንሽላሊት።

«ነገ» አለ አያ ጌሞ።

አትጠገብ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። «አያ ጌሞ፣ በአባቴ አምላክ ይዤሃለሁ፣ ምንድን ነው?»

«ካሴቱ ነው» አለ። «አቧራ ጠጥቷል።»

ካሴቱ ምስኪን ነው፤ አፉ ትንሽ ነው፤ ምንም አልተናገረም። አትጠገብ በጥጥና በአልኮል ጥርሱን አንድ በአንድ ጠረገችለት። እፍ አለችበት። አጎረሰችው። ጉንዳን ብቻ፣ ሽሽሽ ብቻ። ከዚህ በኋላ ማንን ትጠይቅ? ወንድሟ እንዳያያት ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሳሎን ውስጥ ሙላለምና አያ ጌሞ ብቻቸውን ቀሩ። ሙላለም ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ እንዳለ ወደ ጌሙ አዞረ።

«አያ ጌሞ» አለው፤ ድምፁ ትንፋሽ ብቻ ነው። «አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ደረቴን መውጋት የጀመረኝ ድሮ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። አለቃዬ ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ። ሐኪሙ ሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያወጣዋል ብዬ ፈራሁ። ሳል ሲመጣብኝ ከጎማው ክምር ኋላ ሄጄ እስል ነበር። ኋላ ስናገር ሐኪሙ፣ ‹ምነው ቀደም ብለህ ብትመጣ!› አለኝ። አንተንም የሚያምህ ነገር ካለ ንገረን። አንቆጣህም።»

አያ ጌሞ ቃሉ እስከ ጉሮሮው መጣ። እዚያው ስንጥቁ ያለበት ቦታ ደረሰ። ከዚያ የተከፈተው እኩያው፣ የተመዘዘው አንጀቱ ትዝ አለው።

«ደህና ነኝ» አለ።

«እሺ» አለ ሙላለም። «ደህና ከሆንክ ደስ ይለኛል።» ዓይኑን ጨፈነ።

በነጋታው ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቱ ላይ ስታርፍ ሙላለም አልነቃም።

አትጠገብ ጮኸች። ወይዘሮ ጥሩሰው እየሮጡ መጡ፤ ጎረቤት መጣ፤ ድንኳን ተተከለ። እሜቴ ቴሌቪዥንን ነጠላ አለበሷት። ለቅሶው ቤቱን ሞላው። አያ ጌሞ መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሰማ፤ ጆሮ የሚደፍንበት እጅ አልነበረውም። ሙላለምን ይዘውት ወጡ። የአጥሩ በር ሰፋ ተደርጎ ሲከፈት ገመዲት ተወጠረች፤ አስከሬኑ በአጠገቧ አለፈ።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። አትጠገብ ብቻዋን ሳሎን ገብታ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ አረፈች።

«አትጠገብ» አለ አያ ጌሞ።

ቀና አለች።

«እኔ ነኝ። ጉሮሮዬ ተሰንጥቋል። እሜቴም አይደለችም፤ ገመዲትም አይደለችም፤ ካሴቱም አይደለም። እኔ ነኝ።»

አትጠገብ ከአልጋው ጫፍ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ከዚያ፣ «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች።

«ከመጀመሪያው።»

«እርሱ ሲጠይቅህም? ከጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

«ያኔም አውቅ ነበር። ከፍታችሁ የምትበትኑኝ መስሎኝ ፈራሁ።»

አትጠገብ እጆቿን አየቻቸው፤ በመረብ ክር የተቆራረጡ ጣቶቿን። «አያ ጌሞ» አለች፤ «እኔ እኮ መረብ ጠጋኝ ነኝ። የተቀደደ ይዞ የመጣውን ሁሉ ስጠግን ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ከእኔ ቤት ተቀምጠህ፣ እኔን ፈራህ?»



ሐዘኑ ሲበርድ፣ አትጠገብ አያ ጌሞን አቅፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ጠጋኙ ሆዱን ከፈተ፤ ስንጥቁን አየ፤ የብየዳ እርሳስ አንድ ጠብታ ጠብ አደረገበት፤ መልሶ ዘጋው። ይኸው ነው። ያ ሁሉ የተፈራው ነገር አንድ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ አልፈጀም።

ቤት መጥታ በአዲሱ ገመድ ሰካችው። አበራችው። ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ ወረደ። አለቶቹ ወጡ። ጀልባዋ ሁለት ቀዛፊዎቿን ይዛ ብቅ አለች፤ ሁሉም ነገር እንደ ልጅነታቸው ጥርት ያለ። አትጠገብ በቀኝ ቀዘፈች። በግራ የተቀመጠው ቀዛፊ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጀልባዋ ዞረች። እንደገና ቀዘፈች፤ ጀልባዋ እንደገና ዞረች። እዚያው በቆመችበት ትሽከረከራለች እንጂ የመጀመሪያው አለት ጋ እንኳ አልደረሰችም።

አትጠገብ ትንሽ አየቻትና አጠፋችው።

ወደ አጥሩ በር ወጣች። ቋጠሮውን ፈታች። የገመዲት ቆዳ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ ቢጫው ራሷ በበሩ ተደፍጥጧል።

«ገመዲት፣ ይቅር በይኝ» አለቻት።

«የነገርኩሽ እውነት ነበር» አለች ገመዲት።

«አዎ፣ እውነት ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ገመዲት ምንም ተሸክማ አላደረሰችም። እንሽላሊት፣ «እኔም ዝም ብያለሁ» ብላ አፍራ ወደ ሌላ ግድግዳ ሄደች። አያ ጌሞም ከሕመሙ ድኖ፣ ምስሉ ጠርቶ፣ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ላልሰማው አድርሱለት። ስንጥቁን የሸሸገ ንጹሑን ያስቀጣል፤ የዘገየ እውነትም ከቀብር መልስ ይደርሳል።