ድንኳን የሰፋው ሰው

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ስሟን ብነግርሽም አታውቂያት። የስፌት መኪናውን ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ሱሪ ያሳጥራል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ በዚያች ገቢ ይኖራል።

አትቸኩዪ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «መምህር፣ ይህን ሥራ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አሁን ደከመኝ። ትቼው ብወጣ በሰው ላይ መጨከን አይሆንም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ሥራሽንም አውቀዋለሁ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ መጽሐፍ የሚያነብልኝ ስልኬ ውስጥ ያለው ያንቺ ፕሮግራም ነው። ለሁሉም በነፃ ሰጠሽው፤ የፈለገ ሰው ውስጡን ከፍቶ ያያል፣ የተበላሸውን ያቃናል፣ ያቃናውንም ለሌላው ያካፍላል። ከባሕር ዳርም፣ ከጅማም፣ ከየአገሩም ሰዎች ያለ ክፍያ አብረውሽ ይሠራሉ፤ መሪያቸው አንቺ ነሽ። ይህን ሁሉ ነግረሽኛል። አሁን ስለ ልብስ ሰፊው ስሚኝ።

በልብስ ሰፊው ሰፈር ያኔ እድር የሚባል ነገር አልነበረም። አብዛኛው ሰው ከየቦታው ተሰባስቦ የመጣ ነው። አንድ ክረምት አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ። ከሚስቱ በቀር ዘመድ የለውም፤ ቤቱም ከአልጋ ሌላ ነገር የማይገባባት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ለቀስተኛው ደጅ ላይ ቆሞ ዝናብ ይወርድበታል። ሚስትየው ውስጥ ሬሳው አጠገብ ብቻዋን ትጮኻለች፤ ገብቶ የሚያባብላት ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ልብስ ሰፊው ይህን ቆሞ አየ።

በማግስቱ ሥራውን አቆመ። ያገለገለ የጭነት መኪና ሸራ ለምኖ አመጣ። የስፌት መኪናው ሸራውን አልበሳ ሲለው በወፍራም መርፌና በሲባጎ በእጁ ሰፋው፤ ጣቶቹ ቆሰሉ። ሲጨርስ ጎረቤቱን ሰበሰበና፣ «ይህ ድንኳን የእኔ አይደለም» አለ። «ሰው የሞተበት ሁሉ ይውሰደው። ከተቀደደ ያየው ሰው ይጣፈው። ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይጨምርበት። የተገለገለበት ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ይመልሰው፤ ሌላ ነገር አልጠይቅም።»

ሰዉም እንዳለው አደረገ። አናጢው ምሰሶ አመጣ። አንዷ መጋረጃዋን ሰጠች፣ አንዱ ጆንያ፣ ሌላው ገመድ። ከማዶ ያሉ ሰፈሮች መጥተው አይተው የራሳቸውን ሰፉ፤ እሱም ሄዶ እዚህ ጋ ቁረጡ፣ እዚያ ጋ እጠፉ እያለ አሳያቸው። አግዳሚ ወንበር ተጨመረ፣ ድስት ተጨመረ፣ ጡሩምባ ነፊ ተመረጠ። እንዲህ እንዲህ እያለ እድር ሆነ፤ ልብስ ሰፊውንም ዳኛ አድርገው ሾሙት።

ድንኳኑ ግን ያደገው እንደ መጣለት ነው። አንዱ ጎን ረዘመ፣ ሌላው አጠረ። በበሩ በኩል ያለው ገመድ ከኋለኛው ቀድሞ ካልታሰረ ጣሪያው ይዘምማል። የጆንያው ጎን ዝናብ ሲነካው ስለሚከብድ ሌላ ድጋፍ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ያለው በልብስ ሰፊው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ መቀሱን ጥሎ ይሮጣል፤ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ሰዎቹ ገመድ ይዘው ይቆማሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ የት ነው?» ይሉታል።

«ቆይ፣ ስጠኝ» ይላል። ከእጃቸው ተቀብሎ ራሱ ያስረዋል። ቆሞ ከማስረዳት ማሰሩ ይቀላላ!

ደግሞም ወደደው። ለምን እዋሽሻለሁ፣ በጣም ነው የወደደው። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳለታል። «እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ሲባል ይሰማል፤ አልሰማሁም ብሎ ያልፋል እንጂ ደስ ይለዋል። አትሳቂ። አንቺም እንዲያ ሲሉሽ ደስ ይልሻል፤ ከድምፅሽ አውቀዋለሁ።

ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። ተጫዋች ሴት ናት። ከምሳው መሃል እየተነሳ ሲሮጥባት ሳህኑን እየከደነች፣ «ልብስ ሰፊ አገባሁ ብዬ ድንኳን አግብቼ ኖሯል» ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። እሱ ይሄዳል፤ እሷ ብቻዋን ትበላለች።

ምን አልሽ? አሳይቷቸው ቢሆንስ? አሳይቷቸዋል እንጂ! እሑድ እሑድ ድንኳኑን ሜዳ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ ያስረዳቸዋል። እነሱም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ገብቶናል ጋሼ» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም፣ ገብቷቸዋል። ሰው የሞተ ዕለት ግን ያው ናቸው፤ ገመዱን ይዘው ወደ እሱ ይዞራሉ። የሚያውቀው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሳለ በሰው ለቅሶ ላይ መሳሳት የሚፈልግ ማን አለ? እሱም አያስችለውም፤ ሳያስበው እጁ ይዘረጋል።

ከዚያ አንድ ክረምት ትርንጎ ታመመች። ብዙም አልቆየች፤ አንድ ሰኞ ጠዋት አረፈች።

ልብስ ሰፊው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እጇን ይዟል። ገናዦቹ መጥተው ነበር፤ «እስኪ ጥቂት ይሰናበታት» ብለው ወደ ጥግ አሉለት። ጡሩምባው ተነፍቶ ሰፈርተኛው ግቢውን ሞልቷል። ዝናቡ ይወርዳል። እሱ ፊቷን እያየ ነው። የሚነግራት ነገር ነበረው፤ ገና አልጀመረውም። በዚህ መሃል የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። የመጣው ግንበኛው ነው፤ በየለቅሶው ከልብስ ሰፊው አጠገብ ቆሞ ገመድ ሲያቀብል የኖረ ሰው። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ከልብሱ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ» አለ። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። አልቆም አለን።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየው። «የቱ ጎን?»

«በበሩ በኩል ያለው። ሰው በሰበሰ።»

ተነሳ። ምን ያድርግ? እጇን ደረቷ ላይ አስቀመጠላትና ተነሳ። ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ዝናቡ ወጣ። ሰዉ ሲያየው ዋይ አለ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ግን ስሚ ልጄ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ገመዱን ከእጁ የተቀበለው አንድም ሰው የለም። አለቀሱለት፣ መንገድ ለቀቁለት፣ ጭቃው እንዳያዳልጠው ክንዱን ደገፉት። ገመዱን ግን አምጥተው ሰጡት። ክፋት አይደለም፤ ይወዱታል። እሱም አንዱን አስሮ ወደ ሁለተኛው አለፈ፣ የላላውን ምሰሶ አጠበቀ፣ የጆንያውን ጎን ደገፈ። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሲመለስ ገንዘዋት ጨርሰዋል። የቀብሩ ሰዓት እንዳያልፍ ብለው ነው። ፊቷ ተሸፍኗል።

«ትንሽ ግለጡልኝ» አለ።

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። «አሁንማ ታሰረ፣ ወንድሜ። አይሆንም» አሉት።

ከቀብር መልስ ሰዎች አስገብተው ድንኳኑ መሃል አስቀመጡት። ውጭ ዶፍ ይጥላል፤ እሱ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደበትም። እዚያ ተቀምጦ አምርሮ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ያለቀሰው ስለሞተች መሰለው።

አርባዋን ካወጣ በኋላ የእድሩን ሰዎች ሰብስቦ ዳኝነቱን እንደተወ ነገራቸው። «ከዛሬ ጀምሮ እንደ ማንኛችሁም ለቀስተኛ ነኝ» አላቸው። እሺ አሉት። ከሄደ በኋላ ግን፣ «ኀዘኑ ነው፤ ይመለሳል» ተባባሉ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጋሪ ነጂ ሞተ። የቀረችው አሮጊት እናቱ ብቻ ናት። ልብስ ሰፊው እንደ ሰዉ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ገብቶ አሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠ። ሰዎቹ ሸራውን ዘርግተው ገመድ ገመዳቸውን ይዘው ቆሙ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ የት ነው?» አለው ግንበኛው።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠባቸው።

«አንተ የመሰለህ ቦታ እሰረው» አለ።

«ጋሼ፣ ዝናቡ መጣ እኮ!»

«አያለሁ።»

አሰሩት። ዘመመ። ውሃው ጣሪያው ላይ ተጠራቀመና በአንዴ ተደርምሶ በጋሪ ነጂው እናት ላይ ወረደ። አሮጊቷ ጮኸች። የትኛው ገመድ እንደሆነ ልብስ ሰፊው ያውቃል፤ ሦስት እርምጃ ቢራመድ ይደርስበታል። አልተራመደም። ጋቢውን አውልቆ ለአሮጊቷ ደረበላትና አብሯት አለቀሰ። ሰዉ አጉረመረመ። «ኮራብን» አሉ። «ሚስቱ ስትሞት እኛ ላይ ቂም ያዘ» አሉ። አንዲት ሴት ፊት ለፊቱ መጥታ፣ «የእጅህን ይስጥህ» አለችው። ግንበኛው እያለቀሰም እየተሳደበም አንዱን ገመድ ፈትቶ ሌላ ቦታ አሰረው፤ ወደቀ። ደግሞ ፈታው። ሲመሻሽ ድንኳኑ ቆመ። አላማረም፣ ግን ቆመ።

ልብስ ሰፊው ያን ቀን ልክ እንደሠራ ያወቀ እንዳይመስልሽ። አላወቀም። በስብሶ ቤቱ ገባና የሆነውን ሁሉ ለትርንጎ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ አለመኖሯ ትዝ አለው።

ዓመታት ሄዱ። እነ ግንበኛው ድንኳኑን ቀየሩት። የረዘመውን ጎን ቆርጠው ጣሉት፣ የእንጨቱን ምሰሶ በብረት ቱቦ ተኩት፣ በመጨረሻም አዲስ ሸራ አመጡ። አላማከሩትም። አሮጌውን ሸራ አንዱ ወስዶ የማገዶ እንጨቱን ሸፈነበት። ልብስ ሰፊው በዚያ ሲያልፍ የገዛ እጁን ስፌት ያያል። አያምም አልልሽም፤ ያማል። አንዳንዴ መንገዱን ይቀይራል።

አንድ ቀን ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ አንድ ጎልማሳ ገመድ ሊወጥር እየሮጠ መጣ።

«አባት፣ እባክዎ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ገመዱ ላይ ቆመዋል» አለው። ማን እንደሆነ አያውቀውም።

ልብስ ሰፊው፣ «ይቅርታ፣ ልጄ» አለና ዞር አለ። ሰውየው ገመዱን ወጥሮ አሰረና ወደ ሌላው ሮጠ። ልብስ ሰፊው ገብቶ ከኋላ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ሞተው ሰው አለቀሰ፣ ስለ ትርንጎም አለቀሰ። እስኪበቃው ድረስ የጠራው ሰው አልነበረም።

ልጄ፣ ልብስ ሰፊው አንቺ ነሽ። ድንኳኑም ያ የሚያነብልኝ ድምፅ ነው። ገመድ ይዘው ወደ አንቺ የሚዞሩት በየከተማው ያሉት ጓደኞችሽ ናቸው። ይወዱሻል፣ ብልሆችም ናቸው፤ አንቺ አጠገባቸው ቆመሽ ሳለ ግን አያስሩትም። «መጨከን አይሆንም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መጀመሪያ ላይ ይሆናል። ከድንኳኑ ሥር ያለ ሰው ይበሰብሳል፤ ምንም የማያውቅ ሰው ይረግምሻል። ሥራውን መተው ቀላሉ ነው። ከባዱ ሲጠይቁሽ፣ መልሱን እያወቅሽ፣ እጅሽን ጭንሽ ሥር ማድረግ ነው። ሲያበላሹት ታያለሽ። ሲያቃኑትም አንቺ ባላሰብሽው መንገድ ያቃኑታል፤ አንድ ቀን ደግሞ ስምሽን የማያውቅ ሰው ዞር በይልኝ ይልሻል። ከዚህ የሚሻል መልስ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። የለኝም።

ቅድም እዚህ እንደተቀመጥሽ ልጅሽ ሁለቴ ጠራችሽ። ጥርሷ ወልቆ ልታሳይሽ ነበር። አንቺ ስልክሽ ላይ ለአንዱ መልስ ትጽፊያለሽ፤ ጣትሽ ሲመታ ይሰማኛል። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ጥርሷን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። በጣቴ ዳሰስኩት፣ ጎበዝ አልኳት። እሷ ግን የፈለገችው የሚያያትን ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ማየት አልችልም። ጥርሷን ይዛ ወጣች። ውጭ ናት፤ አሁንም ሄደሽ ብታዪላት ይደርሳል።

እኔን አታስቢ። ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ድምፁ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ወይም ገጽ ይዘላል፤ እኔም መጽሐፌን ታቅፌ እዚሁ እቀመጣለሁ፣ ምናልባትም አማርርሻለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ትዕግሥት የለኝም፣ ስልክ ቁጥርሽን ደግሞ በቃሌ ይዤዋለሁ። መደወሌ አይቀርም። ስደውልልሽ አታንሺ።